ሳይቀልጥ የሚለየው

በሰበታና በአለም ገና ቁርጥራጭ ብረት በሚከማችባቸው ግቢዎች ቀኑን ሙሉ ብረት ከብረት ሲለዩ የሚውሉ ሰዎች አሉ። ከትልቁ ምድጃ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የእነሱ ሥራ ነው። እዚያ ሳይለይ ያለፈው፣ ምድጃ ከገባ በኋላ መለየቱ እጅግ ከባድ ነውና።

ቆራሌው ከየሰፈሩ ለቅሞ በሚያመጣው ጆንያ ውስጥ ንጹሕ ንጥረ ነገር ጥቂት ነው። ለንጽሕና የሚቀርበው የኤሌክትሪክ ሽቦ መዳብ ነው፤ ኤሌክትሪክ በደንብ እንዲያሳልፍ ሲባል ከመቶ 99.9 እጅ እስኪደርስ ይጣራል። ቢጫው የቧንቧ መክፈቻ ግን መዳብና ዚንክ ነው፤ ፌሮው ብረትና ጥቂት ካርቦን፤ የማይዝገው ማንኪያ ደግሞ ቢያንስ ከመቶ 10.5 እጅ ክሮሚየም የገባበት ብረት።

መጀመሪያ የሚነሣው ማግኔት ነው። ብቻውን ግን አያስተማምንም። ብዙ የማይዝግ ድስት ብረት ሆኖ ሳለ፣ ኒኬል ስላለበት ማግኔት እምብዛም አይስበውም። ሳንቲም ላይ ሞክሩት፦ የ1969ኙ ባለ አሥር ሳንቲም የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ስለሆነ አይሳብም፤ በ1996 የወጣው ግን በቢጫ ቅይጥ የተለበጠ ብረት ነውና ይጣበቃል። ለዓይን አንድ ናቸው። ስለዚህ ልምድ ያለው ለዪ በሞረድ ፋቅ አድርጎ የውስጡን ቀለም ያያል፤ በእጁም ክብደቱን ይገምታል። አንድ ሊትር የሚያህል አሉሚኒየም 2.7 ኪሎ ሲመዝን ብረት 7.9፣ መዳብ 9 ገደማ፣ ወርቅ 19.3 ኪሎ ይመዝናል። በ2000 ዓ.ም. ከብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተልኮ የተመለሰው «ወርቅ» ወርቅ የተለበጠ ብረት ነበር፤ ሚዛንና አንድ ባልዲ ውኃ ያጋልጡት ነበር።

ምድጃ ውስጥ የሚሆነው ሌላ ነው። የሞተር ጥቅልል ሳይወጣለት የቀለጠ ብረት መዳቡን ይዞ ይቀራል። ካርቦን በኦክስጅን ይቃጠላል፤ መዳብ ግን ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ ይኖራል፤ ሲበዛም ብረቱ ግሎ በሚዳመጥበት ጊዜ ላዩን ይሰነጥቀዋል። ያ ብረት የቤታችን ዓምድ ውስጥ ሊገባ የታሰበ ነው።

የአሉሚኒየም ድስት ነገር ከዚህም ይብሳል። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከማዕከላዊ አሜሪካ አሥር አገሮች የተሰበሰቡ፣ ከቁርጥራጭ የተሠሩ 42 የማብሰያ ዕቃዎችን መርምሮ፣ ከሦስቱ አንዱ ያህል ለጤና የሚያሰጋ እርሳስ ወደ ምግብ ሊለቅ እንደሚችል አሳይቷል። እርሳስ በተለይ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። ድስቱን የገዛች እናት በማግኔትም ሆነ በሞረድ ልታውቀው አትችልም።

ስለዚህ ገንዘብ የሚውልበት ቦታ መለያው ግቢ ነው። የቅይጥን ይዘት በሰከንዶች የሚያነብ በእጅ የሚያዝ የኤክስሬይ መሣሪያ አለ። ዋጋው ለአንድ ነጋዴ ይከብዳል፤ አቅላጮቹ በጋራ ቢገዙት ግን ለብዙ ግቢ ይበቃል። ለዪዎቹም ጓንትና ለዕውቀታቸው የሚመጥን ክፍያ ይገባቸዋል፤ በጥራት ለለየ ሳይሆን ብዙ ኪሎ ላወጣ ብቻ የሚከፈል ከሆነ መዳቡ ብረቱ ውስጥ ይቀራል። እኛም ለቆራሌው ስንሰጥ የመኪና ባትሪን ከአሉሚኒየም ጋር በአንድ ጆንያ አንክተት፤ ባትሪው ውስጥ ያለው እርሳስ ነው።