ለቁስል የሚሆን ቆዳ ከጨው ይጀምራል

በበዓል ማግሥት ከወልድያ እስከ መርሳ ባለው መንገድ ዳር የበግና የፍየል ቆዳ ተጥሎ ማየት ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የተለመደ ሆኗል። ዋጋው ስለ ወደቀ ገበሬው ተሸክሞ ገበያ መውጣቱን ትቶታል። በሐብሩ ቀበሌዎች ስንዘዋወር ከኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት አንድ ጥያቄ ይቀርብልናል፤ ይኸውም «ከቆዳ የቁስል መሸፈኛ ይሠራል ይባላል፤ እውነት ነው ወይ?» የሚል ነው። እኛ የሰብል ሰዎች ብንሆንም ዝም ማለቱ ጉዳት ስላለው የሚመስለንን እንናገራለን።

አዎን፣ ይሠራል። የቆዳ ዋነኛው ፕሮቲን ኮላጅን ይባላል። በ1981 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዶክተር ጆን በርክና ፕሮፌሰር ዮአኒስ ያናስ ከከብት ኮላጅን የተሠራ ሰፍነግ መሰል ሽፋን ክፉኛ በተቃጠሉ ሰዎች ላይ እንዳዋሉ አስታወቁ። በ1996 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ መንግሥት ለሕክምና እንዲሸጥ ፈቀደ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ኮላጅኑ አቼቶ በሚያኮመጥጠው ዓይነት አሲድ ተበጥብጦ በረዶ እስኪሆን ይቀዘቅዛል። በረዶው ሳይቀልጥ ወደ ተን ተለውጦ ሲወጣ በነበረበት ቦታ እንደ እንጀራ ዓይን ያለ ቀዳዳ ይቀራል፤ ግን እጅግ ደቃቅ ነው። ምርምሩ ተስማሚ ሆኖ ያገኘው ስፋት ከ20 እስከ 125 ማይክሮን ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር ሺህኛ ነው። የቁስለኛው የደም ሥሮች በቀዳዳዎቹ እየገቡ ያድጋሉ፤ ሰፍነጉም ቀስ በቀስ እየሟሟ ለአዲሱ ሥጋ ቦታውን ይለቃል።

የምንፈራው፣ ይህን የሰማ ሰው ምድጃ ላይ ወድቆ ለተቃጠለ ልጁ ጥሬ ቆዳ ወይም ከቆዳ የተቀቀለ ሙጫ እንዳይለጥፍ ነው። በጥሬ ቆዳ አባ ሰንጋ ሊተላለፍ ይችላል፤ ዘሩንም ጨው አይገድለውም። ልጁ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በድንገት የሞተ ከብትም አይገፈፍ።

«ነገ ከሐብሩ ቆዳ ኮላጅን ይወጣል» ብላችሁ ለገበሬው ቃል አትግቡ። ይሁን እንጂ ለሕክምና ኮላጅን የሚገዛ ፋብሪካ አስቀድሞ የሚጠይቀው የእንስሳውን ጤንነትና የመጣበትን ቦታ ነው። በቢላዋ የተበሳ ቆዳ ለጫማ ባይሆን ኮላጅኑ አልጠፋም፤ የበሰበሰው ግን ለጫማም ለቁስልም አይሆንም። ስለዚህ በእኛ አስተያየት የማኅበራቱ ሥራ ከዕርድ በፊት እንስሳውን በባለሙያ ማስመርመር፣ ቆዳውን ከሥጋና ከሞራ አጽድቶ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጨው ማልበስና የማን እንደ ሆነ በመዝገብ መጻፍ ነው። ለ10 ኪሎ ጥሬ ቆዳ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ጨው ይበቃል። መዝገቡ ዛሬ ለቆዳ ነጋዴውም ይጠቅማል፤ ከሁሉ ይልቅ የተዘነጋው እርሱ ነው።

ለመጪው በዓል ጨዉን አስቀድሞ የገዛ ማኅበር ካለ የዕርዱን ቀን ያስታውቀን፤ ከእንስሳት ሕክምና ባልደረቦቻችን ጋር እንመጣለን።