የቹንቾንን ማዕድ ማን ያቀርበዋል?

ቹንቾን የሚለው የከተማ ስም ለብዙ የአገራችን ቤተሰብ እንግዳ አይደለም። የቃኘው ዘማች አባት ወይም አያት ያለበት ቤት ሁሉ ይህን ስም ሰምቶታል። እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ወታደሮች በየተራ ወደ ኮሪያ ዘምተዋል፤ ከ120 በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸውን በዚያው ሰጥተዋል። የመታሰቢያ ሐውልታቸው የቆመው በቹንቾን ነው። ሐውልቱ በ1968 ሲመረቅ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሥፍራው ተገኝተው ነበር። በዚያው ዓመት በአቅራቢያው አንድ የቡና መጠጫ ቤት ተከፈተ፤ ስሙም በአገሩ ቋንቋ «የኢትዮጵያ ቤት» ማለት ነው። ዛሬም ቡናችን እዚያ ይቀዳል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ጦርነቱ ብዙ ተጽፏል። ይህ ዐምድ ግን የሴቶችና የቤተሰብ ዐምድ ነውና ዛሬ ወደ ከተማዋ የምንገባው በጓዳው በር በኩል ነው። ልጆቻችን የኮሪያን ተከታታይ ድራማ ሲመለከቱ ያ ሁሉ ትናንሽ ሳህን የተደረደረበትን ገበታ አይተው «ይህን ሁሉ ማን ይሠራዋል?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው መልካም ጥያቄ ነው።

ቹንቾን ከዋና ከተማው ከሴኡል በስተሰሜን ምሥራቅ የምትገኝ፣ በፈጣን ባቡር ከአንድ ሰዓት ብዙ የማትርቅ፣ በሐይቆችና በተራራ የተከበበች የጋንግዎን ክፍለ ሀገር ርእሰ ከተማ ናት። ከሴኡል ብዙ ሰው በዕረፍት ቀኑ የሚመጣው ሐይቁን ለማየት ነው ቢባልም፣ እውነቱን ለመናገር አብዛኛው የሚመጣው ለመብላት ነው። የከተማዋ ስመ ጥር ምግብ «ዳክጋልቢ» ይባላል። በገበታው መካከል እሳት አለ፤ በእሳቱ ላይ ሰፊ ክብ የብረት ምጣድ ይጣዳል። እንደ አዋዜ ባለ የበርበሬ ድልህ የታሸ የዶሮ ሥጋ ከጎመን፣ ከስኳር ድንችና ከሩዝ ዱቄት ከተሠራ ሙልሙል ጋር እንግዶቹ ፊት ይጠበሳል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓመታት የበሬ ሥጋ የማይቀመስ ነበርና፣ ይህ ምግብ ኪሳቸው ባዶ የሆነ ወታደሮችና ተማሪዎች የሚጠግቡበት ነበር። ዛሬ በከተማዋ መካከል ዳክጋልቢ ቤቶች ብቻ የተደረደሩበት መንገድ አለ። ሥጋው ካለቀ በኋላ በምጣዱ ላይ የቀረው ድልህ እንዲሁ አይታጠብም፤ ሩዝ ይጨመርበትና እየተፋቀ ይበላል። ድስት ጠርገን የምንበላ እኛ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገንም።

የገበታው ሥርዓትም ለእኛ ቅርብ ነው። ታላቅ ማንኪያውን ሳያነሣ ታናሽ አይጀምርም። ለአዛውንት መጠጥ የሚቀዳው በሁለት እጅ ነው። ሩዝና ሾርባ በማንኪያ፣ ሌላው በሁለት ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ይበላል። ከሁሉ የሚያስገርመው ደግሞ ሥጋውን በሰላጣ ቅጠል ጠቅልሎ ለወዳጅ በገዛ እጅ ማጉረስ መኖሩ ነው። ጉርሻ የእኛ ብቻ ይመስለን ነበር! በርበሬውም ቢሆን እንደ እኛው በርበሬ ከአሜሪካ ምድር ተሻግሮ የመጣ ነው፤ እነርሱም እኛም ዛሬ ከአባቶቻችን እንደ ወረስነው አድርገን እንናገርለታለን።

በኮሪያ ቋንቋ ቤተሰብን የሚገልጽ «ሺክጉ» የሚባል ቃል አለ። በቀጥታ ሲፈታ «የሚበሉ አፎች» ማለት ነው። ቤተሰብ ማለት አብሮ የሚበላ ነው እንደ ማለት ነው። ሰላምታቸውም «በልተሃል ወይ?» የሚል ነው። ቃሉ አፎቹን ይቆጥራል፤ የሚያበስሉትን እጆች ግን አይቆጥርም።

እስቲ ከእጆቹ ሥራ ትልቁን እንመልከት። ኅዳር ሲገባ ብርዱ ከመጠንከሩ በፊት ለክረምቱ የሚሆን ኪምቺ ይዘጋጃል፤ ይህ ሥራ «ኪምጃንግ» ይባላል። ረዘም ያለው የእስያ ጎመን ለሁለት ይሰነጠቅና ሌሊቱን በጨው ተነክሮ ያድራል። በማግስቱ ደጋግሞ ይታጠባል፣ ይጠነፈፋል። የተከተፈ ፍጁል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ የሽንኩርት ቅጠልና በርበሬ፣ በጨው ከሰነበተ ጥቃቅን ዓሣና ሽሪምፕ ጋር ይለወስና በእያንዳንዱ የጎመን ቅጠል መካከል በእጅ ይሞላል። ቀድሞ ይህ ሁሉ የሚጠራቀመው መሬት ውስጥ እስከ አንገቱ በተቀበረ ጋን ነበር። አንድ ቤት መቶ ጎመን የሚያዘጋጅበት ዘመን ነበርና ሥራው ለአንዲት ሴት አይቻልም፤ የሠፈር ሴቶች በደቦ ተጠራርተው ዛሬ የአንቺን፣ ነገ የእኔን ይሠሩ ነበር። ሲጨርሱም ትኩስ የተቀቀለ የአሳማ ሥጋ ከአዲሱ ኪምቺ ጋር ይቀርብላቸዋል። ፋብሪካዎች ሳይቀሩ በዚህ ወር ለሠራተኞቻቸው የኪምጃንግ ጉርሻ ገንዘብ የሚከፍሉበት ጊዜ ነበር። ዩኔስኮ በ2013 ኪምጃንግን በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል።

ቅርስ መሆኑ ያስደስታል። ይሁን እንጂ በቀዝቃዛ ውኃ ጎመን ስታጥብ ወገቧ የተቆረጠውን አማት ብንጠይቃት፣ የበለጠ የሚያስደስታት ለኪምቺ ብቻ ተብሎ የተሠራው ማቀዝቀዣ ሳይሆን አይቀርም። ይህ ማቀዝቀዣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ ገበያ ከወጣ ወዲህ ጋን መቅበር ቀርቷል ማለት ይቻላል። አሁን ብዙ ቤተሰብ ጨው ጠጥቶ የታጠበ ጎመን ተዘጋጅቶ ይገዛል፤ ጨርሶ የተሠራውን ከሱቅ የሚገዛም ጥቂት አይደለም። ጎመኑ ራሱም ዋጋው እንደ ድሮው አይደለም። በበጋ የሚበቅለው በጋንግዎን ደጋማ ተራሮች ላይ ነው፤ በ2024 የበጋው ሙቀት ከልክ አልፎ ምርቱ ስለ ተጎዳ፣ በመስከረም ወር የአንድ ጎመን የችርቻሮ ዋጋ ወደ 10,000 ዎን ተጠግቶ ነበር። መንግሥት ከቻይና ጎመን እስከማስገባት ደረሰ። የሽንኩርት ዋጋ ሲሰቀል የእኛ እናቶች የሚሉትን የኮሪያ እናቶችም ያን ሰሞን ሲሉት ሰንብተዋል።

ሁለተኛው ትልቅ ሥራ የበዓል ሥራ ነው። «ቹሶክ» በሚባለው የመከር በዓል ለሞቱ አያቶች ማዕድ ይቀርባል። የሚታሰቡት የባል አያቶች ናቸው፤ ምግቡን የምትሠራው ግን ከሌላ ቤት የመጣችው ምራት ናት። ዓሣውንና አትክልቱን በዱቄትና በእንቁላል እየነከረች ቀኑን ሙሉ ዘይት ላይ ተደፍታ ትጠብሳለች፤ ወንዶቹ ሳሎን ይቀመጣሉ። ከበዓል በኋላ ሴቶችን ለሚይዛቸው የድካም፣ የወገብና የራስ ምታት ሕመም አገሩ «የበዓል በሽታ» የሚል ስም አውጥቶለታል። በ2022 ቹሶክ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ የኮንፊሽየስን ሥርዓት የሚጠብቀው ሶንግግዩንግዋን የተባለው ጥንታዊ ተቋም አንድ መግለጫ አወጣ። ለአያቶች በሚቀርበው ማዕድ ላይ በዘይት የተጠበሰ ምግብ የግድ አይደለም፣ ከዘጠኝ ዓይነት በላይ ማቅረብም አያስፈልግም አለ። ሴቶች ስንት ዘመን ግዴታ ነው እየተባሉ የጠበሱት፣ ለካ በሥርዓቱ ግዴታ አልነበረም። መግለጫው ደስ ባያሰኝ እንኳ ያስቃል።

ሕጉስ? ቤተሰብን በዋነኛነት በወንድ አባወራ ስም የሚመዘግበው «ሆጁ» የሚባለው ሥርዓት የቆየው እስከ ቅርብ ጊዜ ነው። በ2005 የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደማይጣጣም ወሰነ፤ በ2008 መጀመሪያም ቀረ። ሕግ ከጓዳ ይልቅ ቶሎ ይለወጣል። በ2019 በተደረገው የአገሪቱ የጊዜ አጠቃቀም ጥናት፣ ባልና ሚስት ሁለቱም ደሞዝተኞች በሆኑበት ቤት ሚስት ለቤት ሥራ በቀን 3 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ስታውል፣ ባል የሚያውለው 54 ደቂቃ ነበር።

አሁን ደግሞ ሠራተኛ እናቶችን በቀጥታ ወደሚመለከተው ወደ ትምህርት ቤት ምሳ እንለፍ። ቀድሞ የኮሪያ እናት በየማለዳው የልጆቿን ምሳ ዕቃ ስትሞላ ትነቃ ነበር። ዛሬ ልጁ በትምህርት ቤቱ ሩዝ፣ ሾርባ፣ ኪምቺና ሌላም ማባያ በብረት ትሪ ይቀርብለታል፤ በአብዛኛውም በነፃ ነው። ይህ በቀላሉ የተገኘ አይደለም። በ2011 በሴኡል ከተማ ምሳው ለሁሉ ልጅ በነፃ ይሁን ወይስ ለድሃው ብቻ በሚል ክርክር የሕዝብ ድምፅ ተጠርቶ ነበር። ምርጫውን የጠሩት፣ ለሁሉ መሆኑን የተቃወሙት ከንቲባ ነበሩ፤ የመጣው መራጭ ከሚፈለገው ከአንድ ሦስተኛ በታች ስለሆነ ኮሮጆው ሳይከፈት ቀረ፣ ከንቲባውም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በልጆች ምሳ ምክንያት ከንቲባ ከወንበሩ የሚወርድበት አገር ነው እንግዲህ።

እናቲቱ ከምሳ ዕቃው ተገላገለች። ምሳውን ግን አሁንም የሚሠራው ሰው አለ፤ በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ የቆሙት አብዛኞቹ በመካከለኛ ዕድሜ ያሉ እናቶች ናቸው። ብዙ ጊዜ አንዲት ሠራተኛ ከመቶ በላይ ሰው ትመግባለች። ቋሚ ሠራተኞች ከሚያገኙት ያነሰ ደሞዝ ይከፈላቸዋል። በሐምሌ 2019 ከሌሎች የትምህርት ቤት ሠራተኞች ጋር ሆነው ለሦስት ቀን ሥራ ሲያቆሙ፣ በሺህ በሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ልጆቹ በምሳ ፋንታ ዳቦና ጭማቂ ታደላቸው። አገሩ እነዚህን ሴቶች በደንብ ያየው ያን ጊዜ ይመስለናል።

ከደሞዙ የከፋው ጢሱ ነው። ዘይት በከፍተኛ ሙቀት ሲፈላ የሚወጣው ጢስ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ወጥ ቤቱ ጠባብ፣ የአየር ማውጫው ደካማ ሲሆን፣ ለብዙ መቶ ልጅ ዶሮና ዓሣ እየጠበሰች ዓመታት የምታሳልፍ ሴት ሲጋራ አጭሳ ባታውቅም በሳንባ ካንሰር ልትያዝ ትችላለች። በ2021 መጀመሪያ ላይ በሳንባ ካንሰር የሞተች አንዲት የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ሕመሟ ከሥራዋ የመጣ መሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ በመንግሥት በኩል ታወቀ። ከዚያ በኋላ ሌሎችም ተከታትለው አመለከቱ። ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ የሆነ ወይም ለ10 ዓመትና ከዚያ በላይ የሠሩ አብሳዮች ሳንባቸው በሲቲ ስካን እንዲመረመር ተወሰነ፤ የአየር ማውጫዎቹም እየታደሱ ነው፤ በየቦታው ግን ሥራው እኩል አልፈጠነም። በአዲስ አበባም ለተማሪዎች ምገባ ተቀጥረው የሚያበስሉ እናቶች አሉን፤ የወጥ ቤቱን ጢስ መውጫ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ማየት ለማንም ወላጅ ከባድ አይደለም።

የኮሪያ ወጣት ሴቶች ይህን ሁሉ እያዩ ያደጉ ናቸው። በ1970 በአገሪቱ ከ1,000,000 በላይ ሕፃናት ተወልደው ነበር፤ በ2023 የተወለዱት ወደ 230,000 ብቻ ናቸው። አንዲት ሴት በዕድሜዋ ትወልዳለች ተብሎ የሚገመተው ቁጥር በዚያ ዓመት 0.72 ደረሰ፤ በ2024 ወደ 0.75 ትንሽ ከፍ ብሏል። ምክንያቱ የቤት ኪራይ ነው፣ የልጅ ትምህርት ወጪ ነው፣ ረጅም የሥራ ሰዓት ነው ይባላል፤ ሁሉም እውነት ነው። ያቺ የ3 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ነገር ግን በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ የምትቀመጥ አይመስለንም። ከአገሪቱ ቤተሰቦችም ከአንድ ሦስተኛ በላይ የሆኑት አንድ ሰው ብቻ የሚኖርባቸው ናቸው፤ «የሚበሉ አፎች» የሚለው ቃል አንድ አፍ ብቻ ቀርቶታል። በቹንቾን ብዙ ዳክጋልቢ ቤቶች ከሁለት ሰው በታች ትእዛዝ አይቀበሉም። ብቻዋን የመጣች ሴት ወይ የሁለት ሰው ትከፍላለች፣ ወይ ወደ ማእዘኑ ሱቅ ትሄዳለች።

በኮሪያ አራስ የሚበላው «ሚዮክጉክ» የሚባል ከባሕር ቅጠል የሚሠራ ሾርባ ነው፤ እንደ እኛ የአራስ ገንፎ ማለት ነው። ይህ ሾርባ አንድ የተለየ ነገር አለው፦ ሰው በየዓመቱ በልደቱ ቀን ይበላዋል። በተወለደበት ቀን እናቱ የበላችውን እርሱም ይበላል። ዛሬ ሾርባው በየሱቁ ታሽጎ ይሸጣል፤ የፈላ ውኃ ማፍሰስ ብቻ ነው። ያም ሆኖ በልደቷ ማለዳ ብቻዋን የምትኖረው ልጅ ስልክ ይደወላል፤ የምትደውለው እናቷ ናት፤ ገና ሰላም ሳትላት «ሚዮክጉክ በላሽ?» ትላታለች።