ኮርሱ የተሰፋው በማን ልክ ነው?

ሊሽካ እየሄደ የሚፈርም የ55 ዓመት ሰው «ሀክሻራ» ሲባል በዓይነ ኅሊናው የሚታየው ክፍል፣ ሰሌዳና በዕብራይስጥ የተጻፈ ፈተና ነው። አንዳንዱ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ይቀራል። እንቢ እንዳለ ከተቆጠረበት ደግሞ ሀብታሃት ሀክናሳ የሚባለው የገቢ ማሟያ ሊቆረጥበት ይችላል።

ሰውየው መማር አቅቶት ነው? በጎንደር አገር ብረት ቀጥቃጩ ሙያውን የያዘው ከአባቱ ወናፍ ሥር ቁጭ ብሎ እያየ ነው። ልጅቷም ሸክላውን የተማረችው ከእናቷ ጋር ጭቃ እያቦካች ነው። ሸማኔውም እንደዚያው። ፈተና የለ፣ ደብተር የለ፤ ዕቃው ራሱ ገበያ ወጥቶ ይፈተን ነበር። እዚህ ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ ቃሉ ይቀድማል፣ እጁ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ቃሉ ላይ የቀረ ሰው እጁን ሳያሳይ ይመለሳል።

አሽቀሎንና ሐዴራ ያሉ አባቶችና እናቶች ዊስኮንሲን የተባለውን ፕሮግራም አይረሱትም። በ2005 በእነዚህ ከተሞች፣ በኢየሩሳሌምና በናዝሬት ተጀመረ። ገቢ ማሟያ የሚቀበለው ሰው በሳምንት ከ30 እስከ 40 ሰዓት ማዕከሉ ውስጥ እንዲገኝ ይገደድ ነበር። ማዕከሎቹን የያዙት የግል ኩባንያዎች ናቸው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትርፋቸው የተያያዘው ከሚቀነሰው የድጎማ ገንዘብ ጋር ነበር። እንግዲህ ሰውየው ሙያ ያዘ አልያዘ ለኩባንያው ምኑ ነው? በ2010 ክኔሴት አላራዝምም ብሎ ተዘጋ።

ዛሬ ያሉት መንገዶች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ልዩነቱን ሳይጠይቁ መፈረም ዋጋ ያስከፍላል። አንዱ ቫውቸር ነው፦ መንግሥት ከኮርሱ ክፍያ ከፊሉን ይሸፍናል፣ የቀረው በተማሪው ላይ ይወድቃል፣ ትምህርቱም አብዛኛውን ጊዜ ክፍል ውስጥ ነው። ሌላው እዚያው ሥራ ቦታ ላይ መማር ነው፦ ሰውየው ሠራተኛ ሆኖ ደመወዝ እያገኘ ከባለሙያ ጎን ይቆማል፣ መንግሥትም አሠሪውን ይደግፋል። ከሥራ ለራቀ ሰው የሚሻለው ይኸኛው ነው። ቤት ኪራይ ኮርስ እስኪያልቅ አይጠብቅም። ደግሞም ዕብራይስጡ ከሥራው ጋር አብሮ ይገባል፤ ማልጌዛ የሚነዳ ሰው የዕቃውን ስም በየቀኑ ሲሰማው አይረሳውም።

ጉዳዩ በተለይ ለሴቶች ይከብዳል። ከ2022 ጀምሮ የሴቶች የጡረታ ዕድሜ ከ62 ወደ 65 ቀስ በቀስ እየጨመረ ነው፤ በ2032 እዚያ ይደርሳል። በኮዓህ አዳም በኩል ደረጃ ስትጠርግ ጉልበቷ ያለቀ እናት ሌላ ሙያ ካልያዘች እነዚያን ዓመታት የምትጨርሰው በዚያው መጥረጊያ ነው።

ለእሷ የሚሆን ሥራ ግን ቅርብ አለ። ቢቱዋህ ሌኡሚ አቅማቸው ለደከመ አረጋውያን የቤት ውስጥ እንክብካቤ ሰዓት ይሰጣል። ብዙ ሽማግሌዎቻችን ሕመማቸውን የሚናገሩት በአማርኛ ወይም በትግርኛ ነው። ሽማግሌ ማንሳት፣ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት፣ ውድቀትን መከላከል በአማርኛ፣ በተግባር፣ እውነተኛ ቤት ውስጥ ሊሰጥ የሚችል ትምህርት ነው። ሊሽካ ላይ እንቅፋት የሆነባት ቋንቋ እዚህ ሥራ ላይ የምትፈለግበት ምክንያት ይሆናል። ይህን ኮርስ በዚህ መልክ ክፈቱልን ብሎ ማዘጋጃ ቤቱንና ሊሽካውን መጠየቅ ደግሞ ከዕብራይስጥ ፈተና ይቀላል፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ከሄዱ በር አይዘጋባቸውም።