ካሜራው ወይስ ብርሃኑ?

በመስቀል ፍላወር አካባቢ የሚኖር አንድ ወጣት ፎቶ አንሺ ሰሞኑን ጥያቄ ይዞልን መጣ። «አባቴ ካሜራ አልገዛልህም አሉኝ፤ በስልኬ ብቻ አጭር ፊልም መሥራት እችላለሁን?»

የሠራውን አየንለት። እናቱን መስኮት አጠገብ አስቀምጦ፣ መስኮቱን በነጭ አንሶላ ጋርዶ ያነሳቸው ፎቶ ፊታቸውን በለስላሳ ብርሃን ያሳያል። ማታ በቅርብ አምፖል ያነሳው ግን ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር ሆኗል። ስልኩ ያው ነው፤ የተለወጠው ብርሃኑ ነው። አምፖሉን እጥፍ ቢያርቀው ብርሃኑ ወደ ሩብ እንደሚወርድም ነገርነው።

ከ1,000 ዓመት በፊት በካይሮ የኖረው ሊቅ ኢብኑል ሀይሠምም ብርሃንን ያጠናው በጨለማ ክፍልና በጠባብ ቀዳዳ እየፈተነ ነበር። በከተማችንም አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት የአገራችንን ፎቶ አንሺዎች ሥራ ከውጭዎቹ ጎን አሳይቷል። እንግዲህ መንገዱ አለ።

አንድ ነገር ግን አሳሰበን። በፊልሙ ውስጥ አንዲት ጎረቤት ሳያውቁ ለ10 ሴኮንድ ተቀርጸዋል። በሴኮንድ 24 ምስል ቢታሰብ 240 ምስል ነው፤ አንዱም ያለ ፈቃዳቸው ሊወሰድ አይገባም ነበር። ሄዶ እንዲያሳያቸው መከርነው። አሳያቸው፤ «አውጣልኝ ልጄ» አሉት፤ አወጣው።

ፊልሙ አጠረ፤ ጉርብትናው ግን ተረፈ። ወላጆች ሆይ! ካሜራው ቢቆይም እንዲህ ያለውን ልጅ አበረታቱት።