የበረሃው ቀበሮና የቤንዚኑ በርሜል

በመኝታ ቤትና በሻይ ቤት ሮሜል እንደ ጻድቅ ሲወደስ እንሰማለን። «የበረሃውን ቀበሮ የረታው የእንግሊዝ ታንክ ብዛት እንጂ የተሻለ ጄኔራል አይደለም» ይባላል። እኛ ይህን አንቀበልም።

ነገሩን ከሥሩ እንመርምረው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጁን 21 ቀን 1942 ቶብሩክ ስትወድቅ ሮሜል ፊልድ ማርሻል ተባለ። አስቀድሞ የታቀደው ግን ከቶብሩክ በኋላ ጦሩ ቆሞ ማልታ እንድትያዝ ነበር። ከኢጣሊያ ወደ ሊብያ የሚሻገረውን ስንቅ የሚያሰጥሙት አውሮፕላኖችና ሰርጓጅ መርከቦች መነሻቸው ይህች ደሴት ነበረችና። ኬሰልሪንግ ይህን ቢያሳስብም፥ ሮሜል ሂትለርንና ሙሶሊኒን አሳምኖ ወደ ግብጽ ገሠገሠ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!

ውጤቱስ ምን ሆነ? ከትሪፖሊ እስከ ኤል አላሜይን ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚያ መንገድ ቤንዚን የሚያደርሰው ካሚዮን ራሱ ቤንዚን ይጠጣል። በኤል አላሜይንም በሰሜን ባሕሩ፥ በደቡብ ታንክ የማያሳልፈው የቃታራ ጎድጓዳ ምድር ስለ ገደበው፥ በጎን መዞር የለመደው ጄኔራል መዞሪያ አጣ። በጁላይ ያቆመው ኦኪንሌክ ነበር፤ ዋጋው ግን በኦገስት መሻር ሆነ። ሞንትጎመሪ በኦክቶበር 23 መድፉን ሲያስተኩስ፥ ሮሜል የሽንፈቱን እኩሌታ ቀድሞ ተሸክሞት ነበር።

«ጥፋቱ ስንቅ ያላደረሱት የኢጣሊያ መርከበኞች ነው» ለሚሉን መልሳችን አጭር ነው፦ ስንቁ እንደማይደርስ እያየ የገሠገሠው ማን ነው? «ብዛት አሸነፈ» ለሚሉንም፦ ብዛትን በጊዜውና በቦታው ማድረስ ራሱ የጦር ጥበብ ነው።

የጄኔራሉን ዕዳ የከፈለው ተራው ወታደር ነው። በኖቬምበር ሽሽቱ ሲጀመር፥ መኪና ያጡት የኢጣሊያ እግረኞች በበረሃ ቀርተው ተማረኩ። ሁለቱም ወገኖች የቀበሩት ፈንጂ ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ ለብዙ ዘመን ጠቡ የማይመለከተውን የግብጽ ዘላን ሲገድልና ሲያቆስል ኖሯል።

ወንድሞችና እኅቶች! ነገ ሰው የምናዝዝ እኛ ነን። ስንቁን ሳይቆጥር የሚፎክረውን ማድነቅ ዛሬ ከለመድን፥ ነገ እንደዚያው እናዝዛለን። የተከበራችሁ መምህራንም፥ የጦርነት ታሪክ ስታስተምሩን በሰሌዳው ላይ ከጄኔራሉ ስም ቀጥሎ የካሚዮኑን ቁጥር ጻፉልን።