አስታማሚንስ ማን ያስታምማት?

የዛሬዋ ጠያቂያችን የ26 ዓመት ወጣት ናት። ደብዳቤዋ ረዘም ያለ ስለሆነ ዋና ዋናውን ብቻ እናቅርብላችሁ።

«አባቴ ቀለም ቀቢ ነው። ከአራት ወር በፊት ሕንፃ ላይ ሲሠራ የቆመበት እንጨት ከድቶት ወደቀና አከርካሪው ተጎዳ። ከወገቡ በታች አይንቀሳቀስም። ይኸው እስካሁን ሆስፒታል ነን። እናቴ በሕይወት የለችም። ታናሽ ወንድሜ 12ኛ ክፍል ስለሆነ ትምህርቱ እንዳይበላሽ ብዬ አላስጠጋውም። በየ2 ሰዓቱ አገላብጪው ስለተባልኩ ሌሊት አልጋው ሥር ካርቶን አንጥፌ፣ የስልኬን ደወል እየሞላሁ ነው የማድረው። ጎረቤት አልጠፋም፤ እሑድ እሑድ ብርቱካንና ሙዝ ይዘው ይመጣሉ፣ ከንፈር መጥጠው ‹አይዞሽ› ብለው ይሄዳሉ። ሙዙን የምበላው እኔ ነኝ። ከሥራ ልባረር ትንሽ ቀርቶኛል። ጓደኛዬም ስልክ ሳላነሳ ስቀር ሌላ የያዝኩ ይመስለዋል። ሰሞኑን የሰፈራችን ልጆች ‹ተሰባስበን አንድ ነገር እናድርግ፣ ምን ይሻልሻል?› ብለው ጠየቁኝ። ገንዘብ እንዳልላቸው አፈርኩ። ምን ልበላቸው? ግራ የገባኝ ነኝ፤ ከአዲስ አበባ።»

እህታችን፤ ከሁሉ በፊት አባትሽን እግዜር ይማርልሽ።

ደብዳቤሽን ስናነብ ትዝ ያለን፣ እንዳይከፋሽ እንጂ፣ ድንኳን ነው። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። ድንኳኑ ወዲያው ይተከላል፣ አግዳሚው ይደረደራል፣ ሴቶቹ ንፍሮውን ይጥዳሉ፣ ጎረምሳው ካርታውን ይዞ ሲያነጋ ያድራል። እንቅልፌ መጣ የሚል የለም! ያው ጎረምሳ ሰውየው በሕይወት እያለ አንዲት ሌሊት አጠገቡ ቢያድርለት ልጅቷ ትተኛ ነበር። ምን ይደረግ፣ ዕድራችን የሚነቃው በሞት ነው። ሕጉም ቢሆን ብዙ አይሻል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አባት ሲሞት 3 የሥራ ቀን ከነደመወዙ ይፈቀዳል። በሕይወት ላለ ግን ልዩና ከባድ ሁኔታ ገጠመኝ ብለሽ ያለ ደመወዝ እስከ 5 ተከታታይ ቀን፣ ያውም በበጀት ዓመቱ ከ2 ጊዜ ላይበልጥ ነው። አለቃሽ ጋ ስትገቢ ይህችን አውቀሽ ግቢ፤ የዓመት ፈቃድ ከቀረሽም ጠይቂ።

እንግዲህ ለልጆቹ «ሌሊት ስጡኝ» በያቸው። ገንዘቡም አይጠላም፤ ግን አንቺን እየጨረሰሽ ያለው እንቅልፍ ማጣት ነው። የ2 ሰዓቱ ትእዛዝ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ከወገቡ በታች ስሜት የሌለው ሰው አንድ ጎኑ ሲጫነው አያመውም፤ ስለማያመውም አይነግርሽም። ደም በደንብ ያልደረሰው ቆዳ ይቀላል፣ ከዚያ ይላጣል፣ ከዚያ የአልጋ ቁስል ይሆናል። ተረከዙን፣ ዳሌውን፣ የወገቡን ታች በየጊዜው እዪ። ስታገላብጡትም አከርካሪው እንዳይጣመም እንደ ግንድ ባንድ ላይ ነው የሚዞረው፤ ለብቻሽ አትሞክሪው። ተረኛዋን ነርስ ወይም የጎረቤት አልጋ አስታማሚ ጥሪ፤ ነገ አንቺም ትጠሪያለሽ።

ሌላም አለ። አልጻፍሽውም፣ እኛ ግን ገምተናል። ያንን ሁሉ ዘመን ቤተሰብ ያስተዳደረ አባት ሴት ልጁ ገላውን ስታጥበው፣ ሽንቱን ስትደፋለት ዝም ቢልም ዝምታው ከባድ ነው። ወንዶቹ ልጆች የሚያስፈልጉት ለዚህም ጭምር ነው።

አደረጃጀቱን አታወሳስቡት። ማኅተም፣ ሊቀ መንበር፣ ምክትል ሊቀ መንበር… ይቅርባችሁ! ስድስት ልጅ ከተገኘ በሳምንት 3 ሌሊት ይያዙልሽ። ለእያንዳንዳቸው በሁለት ሳምንት አንድ ሌሊት ይደርሳቸዋል፤ ይህ ማንንም አይገድልም። ሰባቱንም እንያዝ ካሉ እሺ አትበይ፤ በሁለተኛው ሳምንት ማንም አይመጣም። ልጆቹን እናውቃቸዋለን! የክፍሉን ኃላፊ ነርስ አስቀድመሽ አነጋግሪ። ማገላበጡን ታሳያቸው፣ ስማቸውንም ትያዝ፤ አለዚያ በር ላይ ዘበኛው ይመልሳቸዋል። አንድ ደብተር አልጋው ራስጌ ይቀመጥ። በስንት ሰዓት በየትኛው ጎኑ እንደተኛ፣ ምን እንደበላ፣ ከውጭ ግዙ የተባለው መድኃኒት ምን እንደሆነ ይጻፍበት። መድኃኒት መስጠት ግን የነርሷ ሥራ ነው፤ ማንም እንዳይነካ። የሚቀር ልጅ ከአንድ ቀን በፊት ይናገር፤ ካልተናገረ እንደ ዕድሩ ይቀጣ፣ ቅጣቱም ለታክሲ ይሁን። እሑድ ሙዝ የሚያመጡት እናቶች ደግሞ በተራ ምሳ እቃ ይያዙልሽ።

የዕድሩ ሽማግሌዎች «ደንባችን ለቀብር ነው» ካሏችሁ በአክብሮት አስታውሷቸው። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ቤት ለቤት ሰው ሲጥል፣ ከአዲስ አበባ ዕድሮች አንዳንዶቹ ከቀብር አልፈው በሽተኛ መርዳት ጀምረው ነበር። ለአዳሪዎቹ ልጆች የመጓጓዣ መስጠት ለዕድር ከድንኳን አይከብድም።

ጓደኛሽን በሚመለከት ምክራችን አጭር ነው፤ የሐሙስን ሌሊት ስጪው። ካደረ፣ ስልክ ለምን እንዳላነሳሽ መጠየቁን ይተዋል። ካላደረ ደግሞ አንቺም የምትጠይቂው ይኖርሻል።

የመጀመሪያዋን ሌሊት ቤት ገብተሽ ስትተኚ እንቅልፍ እምቢ ሊልሽ ይችላል፤ ጆሮሽ ደወሉን ለምዷል። ሁለት ጊዜ ደውለሽ ጠይቂ፣ ሦስተኛውን ግን ተዪው። ታናሽ ወንድምሽንም ከአባቱ አትደብቂው። ፈተናው እንዳለ ሆኖ ቅዳሜ ከሰዓት መጥቶ ጢሙን ይላጭለት።