ከጦር ሜዳ ወደ ቤት የተላከ ደብዳቤ

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

ስለ ጦርነት የሚጻፉት መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሱት የጦር አለቆቹንና ድሉን ነው። ተራው ወታደር ስለ ራሱ የተወው ታሪክ ቢኖር ግን ወደ ቤቱ የላከው ደብዳቤ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ያለኝን አሳብ በዓምድዎ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1861 እስከ 1865 ዓ.ም. የአሜሪካ ሰሜንና ደቡብ እርስ በርሱ ሲዋጋ ከ600,000 የሚበልጥ ወታደር አለቀ። በዚያ ጦርነት ደንበኛ የደብዳቤ ምርመራ ስላልነበረ ወታደሩ የጻፈው የልቡን ነው፤ ስለ በሽታው፣ ስለ እርሻው፣ ስለ ልጆቹ። በደቡብ በኩል ወረቀት ሲጠፋ ያገለገለውን ፖስታ ገልብጠው ይጽፉበት ነበር። በዋሽንግተን ሆስፒታሎች ደግሞ ባለቅኔው ዋልት ዊትማን እየዞረ ለቁስለኞች ደብዳቤ ይጽፍ ነበር።

የቢሮ ሰዎች ለሆንነው ይበልጥ ትምህርት የሚሆነን ግን የሰሜኑ መንግሥት ጽሕፈት ቤቶች ሥራ ነው። በ1861 ዓ.ም. በወጣ ሕግ፣ ቴምብር ያጣ ወታደር ደብዳቤውን እንዲሁ ልኮ ሒሳቡን ተቀባዩ እንዲከፍል ተፈቀደ። በ1863 ዓ.ም. በትልልቅ ከተሞች ደብዳቤ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እቤት ድረስ መታደል ጀመረ። በ1864 ዓ.ም. ደግሞ ወታደሩ ደመወዙን ያለ ሥጋት ለቤተሰቡ እንዲልክ የፖስታ ሐዋላ ተቋቋመ።

ልጇ የሞተባት እናት ጡረታ ስትጠይቅ በልጇ ትረዳ እንደ ነበር ማስረዳት ነበረባት። ብዙዎቹ ያቀረቡት ማስረጃ ልጁ ገንዘብ መላኩን የጻፈበትን ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውም ከመዝገቡ ጋር ተያይዞ ቀረ፤ ዛሬም በአገሪቱ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛል። ለተራ ወታደር እናት ጡረታው በወር 8 ዶላር ነበር። እናት ይህችን ለማግኘት የልጇን የእጅ ጽሑፍ ለጸሐፊ አስረክባ ባዶ እጇን መመለሷ ያሳዝናል፤ ነገር ግን ያ መዝገብ ባይኖር ኖሮ የልጁ ቃል ከእርሷ ጋር በተቀበረ ነበር።

እኛስ? በእኛ አቆጣጠር እስከ 1983 ዓ.ም. በቆየው የእርስ በርስ ጦርነት ከግንባር የተላኩ ደብዳቤዎች ዛሬም በአሮጌ ሣጥን ውስጥ የሚጠብቋቸው እናቶችና ሚስቶች አሉ። እነርሱ ሲያልፉ ግን ቤቱ ይጠረጋል፤ ደብዳቤውም ከአሮጌ ወረቀት ጋር ይቃጠላል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ማለትስ የሚወርሰው ሲኖር አይደለምን?

ስለዚህ የቤተ መዛግብት ኃላፊዎች፣ ጸሐፊው የተዋጋለት ወገን ሳይለይ፣ እነዚህን ደብዳቤዎች በባለቤቶቹ ፈቃድ ፎቶግራፍ እያነሡ ቢያስቀምጡ መልካም ነው። ዛሬ ይህ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ዋናው ግን ለቤተሰቡ ይመለስ፤ እናት በልጇ ጽሑፍና በአገሯ ታሪክ መካከል እንድትመርጥ ማድረግ አይገባምና። እኛም በየቢሮአችን ያለን ጸሐፊዎች፣ በአሮጌ መዝገብ ውስጥ እንዲህ ያለ ብጣሽ ወረቀት ስናገኝ ከመጣላችን በፊት እናንብበው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ